«ሚስቴን ወደ ቀየት ልመልሳት ነው» ያለኝ ጓደኛዬና የቀይ ባሕሯ ዓሣ

ዛሬ ስለ ትዳር ላወጋችሁ ነው፤ የምመጣው ግን በዓሣ በኩል ዞሬ ነው። «ዓሣና ትዳር ደግሞ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ። እኔም ሳላስበው ነው የተገናኙብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጓደኛ አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ይህችን ገጽ ስለሚያነብ ራሱን ያውቃል። ሁለታችንም የቀየት ልጆች ነን። ብርዱን አብረን ተኮራምተን፣ በጉን አብረን ጠብቀን ነው ያደግነው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አዲስ አበባ ስገባ እሱ ቀድሞኝ ገብቶ ሥራ ይዞ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያደርኩት እሱ ቤት ነው። ውለታው አለብኝ ማለት ነው።

አምና ከፋሲካ በኋላ ሀገር ቤት ሄዶ አገባ። ልጅቷን አውቃታለሁ። ሰርግ ቤት ከበሮ ከያዘች የሚቀማት የለም። ደቦ ላይ አፏን ከከፈተች አጫጁ ማጭዱን ጥሎ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «እድለኛ ነህ!» ብዬ ሚዜ የሆንኩለት እኔው ነኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ በሬን አንኳኳ። ገብቶ ተቀመጠና ጫማውን እያየ፣

«ሚስቴን ወደ ቀየት ልመልሳት ነው» አለኝ።

«ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። ጠዋት ስወጣ ግድግዳ ታያለች፤ ማታ ስገባ ግድግዳ ታያለች። አንድ ቀን አስርቤያት አላውቅም። ሶፋው አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ፍሪጁ አለ። እናቷ ቤት ኩበት ስትለቅም የምትስቅ ልጅ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ ስላት ‹ምንም› ነው መልሷ። እዚህ ልትሞትብኝ ነው፤ ወስጄ ለአባቷ ላስረክብ።»

ትዝ ይበላችሁ፤ ያገባት አምና ነው። በእኛ ሀገር የተመለሰች ልጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። «ምን ተገኝቶባት ነው?» የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ነው ቀየት የሚደርሰው። እሱም ያውቀዋል። ለዚህ ነው ጫማውን የሚያየው።

እኔ ሽማግሌ አይደለሁ፣ ትዳርም አልያዝኩ፣ ምን ልበለው? አፌ ላይ የመጣልኝ የአጎቴ ዓሣ ነው።

አጎቴ በ1970ዎቹ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም ከደርግ ሠራዊት እጅ ስትወጣ እሱ ወደ አሰብ ተዛውሮ ስለነበር ተረፈ። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ ቀየት ተመልሶ ገብሱን ማረስ ያዘ። እኔ ልጅ ሆኜ ማታ ማታ እሳት ዳር ባናውን ተከናንቦ የባሕር ወሬ ያወራልናል። ከወሬዎቹ ሁሉ ማንም ያላመነው አንዱን ነው። «ሳማ ውስጥ የሚተኛ ዓሣ አይቻለሁ» ይላል። ሳማን የቀየት ልጅ ያውቀዋል። የነካው አካል ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥለው ይውላል። እሱ ውስጥ የሚተኛ ፍጡር? «የባሕር ኃይል ውሸት!» እያሉ ጎረቤቶች ይስቁበት ነበር።

ኋላ እኔም ከተማ ገብቼ፣ በስልኬም በመጽሐፍም ሳገላብጥ፣ አጎቴ እውነቱን እንደሆነ ደረስኩበት። ዓሣዋ በዓለም የታወቀች ናት። ኒሞ የሚባለውን የካርቱን ፊልም ያያችሁ ዘመዷን አይታችኋል። የፊልሙ ዓሣ ሦስት ነጭ መስመር ያለው ነው፤ የቀይ ባሕሯ ግን ሁለት ብቻ ናት ያላት። ገላዋ ብርቱካናማና ቢጫማ፣ አንዱ ነጭ መቀነት ከዓይኗ ኋላ፣ ሌላው ወገቧ ላይ፣ ዳር ዳሩ በጥቁር የተዘመዘመ። ቁመቷ ቢበዛ 14 ሴንቲ ሜትር፤ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1830 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ስም ሲያወጣላት «ቢሲንክተስ» ነው ያላት። በላቲን «ሁለት መታጠቂያ የታጠቀች» እንደማለት ነው። መቀነቷን አይቶ ነው መቼም።

የምትኖረው የት ነው? ኮራል የሚባሉ ደቃቅ እንስሳት በብዙ ዘመን የሠሩት እንደ ድንጋይ አጥር ያለ ነገር ባሕሩ ውስጥ አለ። በምጽዋ ፊት ለፊት ባሉት በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ በብዛት ይገኛል። ዛሬ ምጽዋም ዳህላክም የኤርትራ ናቸው፤ ዓሣዋ ግን ከላይ እስከ ታች በቀይ ባሕር አለች። በዚያ አጥር ላይ አኔሞኒ የተባለ፣ አበባ የሚመስል ግን እንስሳ የሆነ ነገር ይጣበቃል። ጣቶቹ በውኃው ይወዛወዛሉ። ሲያዩት ያምራል፤ የነካውን ትንሽ ዓሣ ግን በዓይን በማይታዩ መርፌዎቹ ወግቶ፣ አደንዝዞ ይበላዋል። የአጎቴ ሳማ ይሄ ነው። ባለ ሁለት መቀነቷ ዓሣ ደግሞ ውላ የምታድረው እዚያ ውስጥ ነው። ከሱ ከራቀች ትልልቆቹ ዓሣዎች አንድ ጉርሻ ነው የሚያደርጓት። እዚያ ከገባች ግን የሚደፍራት የለም።

ታዲያ ለምን አይወጋትም? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ዘው ብላ አትገባም። ገላዋን የሚሸፍን ዝልግልግ ፈሳሽ አላት። መጀመሪያ በጅራቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ትሸሻለች። ተመልሳ በክንፏ ትነካለች፤ ትሸሻለች። እንዲህ እያለች ገላዋን ታለማምዳለች። አንዳንዴ በደቂቃዎች ያልቃል፤ አንዳንዴ ብዙ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ከለመደች በኋላ አኔሞኒው እንደ ራሱ ገላ ነው የሚቆጥራት።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኩትና፣ «ስማ» አልኩት፣ «ሚስትህ ዓሣዋ ናት። ከቀየት ነቅለህ አዲስ አበባ የሚባል ሳማ ውስጥ ከተትካት። ጅራቷን እንኳ ሳታስነካት ሙሉ ገላዋን ነው የጣልከው። አውቶቡስ ተራን አብረሃት ሄደህ ታውቃለህ? ገበያ አሳይተሃታል? አንድ የምታወራው ሰው አስተዋውቀሃታል?»

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «እኔ ከሥራ የምወጣው ማታ ነው» አለኝ።

«እሷ የጠየቀችህ ነገር የለም?»

«በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ ልሽጥ ብላ ነበር። እንቢ አልኳት። ሚስቱን ያስቸግራል ልባል?»

ይኼኔ ነው የዓሣዋን ሁለተኛ ጉዳይ ያመጣሁበት። ዓሣዋ የአኔሞኒው ጥገኛ ብቻ አይደለችም። የአኔሞኒውን ጣት እየገነጠለ የሚበላ ቢራቢሮ ዓሣ የሚባል አለ። ሲመጣ ያቺ የመዳፍ ታህል ዓሣ ተወርውራ ታባርረዋለች። ከእሷ የሚወጣው ቆሻሻ ለአኔሞኒው ማዳበሪያ ይሆነዋል። ሌሊት ውስጡ ስትንቀሳቀስ ንጹሕ ውኃ ታስገባለታለች። ትሰጣለች፣ ትቀበላለች። «ሚስትህን ግን ተቀባይ ብቻ አደረግሃት» አልኩት። «ቀየት እያለች እሷ ከሌለች ደቦው አይሞቅም ነበር። እዚህ ብትኖርም ባትኖርም የሚጎድል ነገር የለም። ሶፋ ምን ያደርግላታል?»

ለዚህ ባሕር ድረስ መውረድም አያስፈልግም። መንዝ ጓሳ ሜዳ ላይ የወጣችሁ ጭላዳዎች መንጋ ሆነው ሣር ሲግጡ፣ በመሐላቸው ቀይ ቀበሮ ቀስ ብላ ስትንሸራሸር አይታችሁ ይሆናል። ሁለቱንም ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቃቸው ያው ዓሣዋን የሰየመው ሩፔል ነው፤ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. እስከ ጎንደር ዘልቆ ነበር። ጓሳ ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮዋ በጭላዳዎቹ መሐል ሆና አይጥ ለመያዝ ከሞከረችው 67 ከመቶው ይሳካላታል። ብቻዋን ስትሆን ግን የሚሳካላት 25 ከመቶው ብቻ ነው። እንዲህ ተከባብረው የሚኖሩት ቀበሮዋ ግልገላቸውን ስለማትነካ ነው። አንዴ አንድ ቀበሮ ግልገል ለቀም ቢያደርግ መንጋው ተነሥቶ አስጥሎታል፤ ከዚያ በኋላም አላስጠጋውም። አብሮ መኖር ሕግ አለው ማለት ነው።

ጓደኛዬ በረደለት። «እሺ፣ እሑድ ቤት ናና ይህንኑ ለሷም ንገራት» አለኝ። እኔም ምክሬ ስለሠራች ደረቴን ነፍቼ እሑድ ሄድኩ።

ቡና አፈላች። ቤቷ ንጹሕ ነው፤ ፊቷ ግን እውነትም ጠቁሯል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የዓሣዋን ነገር ከሀ እስከ ፐ ተረኩላት። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ወንዱ ዓሣ እንቁላሉን አንድ ሳምንት ያህል በክንፉ እያራገበ፣ የሞተውን እየለቀመ እንደሚጠብቅ ስነግራት ባሏን በጎን አየችው። ሁሉም ወንድ ሆነው እንደሚጀምሩ፣ የቤቱ ትልቋና አለቃዋ ሴቷ እንደሆነች፣ እሷ ስትሞት ባሏ ራሱ ወደ ሴትነት ተለውጦ ቦታዋን እንደሚወስድ ስነግራት ደግሞ ያቺ የደቦዋ ሳቅ ለአንድ አፍታ ተመልሳ መጣች። «በል እንግዲህ ተዘጋጅ!» አለችው ባሏን። እሱም ሳቀ። እኔም በልቤ «አለቀ፣ ደቀቀ» አልኩ።

ከዚያ ሲኒውን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ።

«ወንድም ዓለም፣ ጨዋታህ ጥሩ ነው። ግን ዓሣዋ እሷ ናት ያለህ ማነው? ጠዋት በልቶ የሚወጣ እሱ፤ ማታ መጥቶ የሚጠለል እሱ። አንድ ቦታ ተጣብቄ የምውል እኔ ነኝ። ታዲያ ዓሣው ማነው?»

ሁለታችንም ዝም።

«ያ ዓሣ ለሳማው ጠላቱን ያባርርለታል አልክ። እሱ ለኔ ማንን አባረረልኝ? ውኃ ስቀዳ አከራይዋ ቆማ ጀሪካን ትቆጥርብኛለች። አነጋገሬን እየደገመች ከልጆቿ ጋር ትስቅብኛለች። አንድ ቀን እሱም በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ሰምቶ ምን አደረገ መሰለህ? ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ባሏ።

«መቼ ተቀምጠህ?» አለችው። ሳትጮህ ነው ያለችው። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

ወዳጆቼ፣ ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ አፈርኩ። ተረቱን ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኳቸው። ዓሣዋን እንጂ አኔሞኒውን ማን አስቦት? አኔሞኒውም እኮ ይታመማል። ውስጡ የሚኖሩና ምግብ የሚያዘጋጁለት፣ ቀለምም የሚሆኑት ደቃቅ አልጌዎች አሉ። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ እነሱ ይወጣሉ፤ አኔሞኒው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ይራባል። በ2023 እ.ኤ.አ. ቀይ ባሕር ከባድ ሙቀት መትቶት ነበር። በሳዑዲ ዓረቢያ በኩል ባሉ ሦስት የኮራል ሥፍራዎች ተመራማሪዎች ሲከታተሏቸው የነበሩት አኔሞኒዎች ሁሉም ነጡ። እንደየሥፍራው ከመቶ 66 እስከ 94ቱ ሞቱ። ዓሣዎቹስ? ከመቶ 94ቱ፣ አንዳንዱ ሥፍራ ላይም ጭራሽ መቶ በመቶው አለቁ። ልብ በሉ፤ ዓሣዎቹ ከቤታቸው በባሰ ሁኔታ ነው ያለቁት። መጠለያህ ሲታመም ዝም ብለህ ካየህ ቀድመህ የምትሄደው አንተ ነህ።

እሷም የነጣች አኔሞኒ ነበረች። እኛ ደግሞ «ዓሣዋ አልለመደችም» እያልን ወደ መጣችበት ልንመልሳት ነበር።

ማታ ለአጎቴ ቀየት ደወልኩለትና ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ብዙ ሳቀ። ከዚያ፣ «ልክ ናት ልጄ» አለኝ። «እኛም መርከበኞቹ ዓሣውን ብቻ ነበር የምናየው። ቀለም ያለው እሱ ነዋ!»

አሁን የት ደረሱ ትሉ ይሆናል። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ጓደኛዬ በማግስቱ አከራይዋን በጨዋ ደንብ አነጋገራት። «ሚስቴን እንደ እህትዎ ይዩልኝ፤ የውኃው ሒሳብ ካነሰ እኔን ይጠይቁኝ» ነው ያላት። ሴትዮዋ ኩምትር ብላለች፤ ጀሪካን መቁጠሩንም ትታለች። ሚስቱ ከጎረቤት አንዲት ሴት ጋር ሆና በርበሬ መቀንጠስ ጀምራለች። የመጀመሪያውን አምስት ኪሎ የገዛኋት እኔ ነኝ፤ ላጤ አምስት ኪሎ በርበሬ ምን ያደርግለታል አትበሉኝ። አሁንም አንዳንድ ቀን ግድግዳ ታያለች አለኝ። ግን አብሯት ተቀምጦ ግድግዳውን ማየት ጀምሯል። ስለ መመለሱ ሁለተኛ አላነሣም።

እንግዲህ ከሀገር ቤት ሰው ያመጣችሁ፣ ወይም ራሳችሁ መጥታችሁ ሰው ቤት የተጠለላችሁ፣ ከዚህች ታሪክ የምላችሁ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ለማላመድ ጊዜ ስጡ። ከተማ ለናንተ አበባ ነው፤ ለአዲስ ሰው መጀመሪያ ሳማ ነው። ጅራት፣ ከዚያ ክንፍ፣ ከዚያ ገላ። የመጀመሪያ ቀን ታክሲ አሳፍራችሁ «ፋራ!» አትበሉ።

ሁለተኛ፣ ማንንም ተቀባይ ብቻ አታድርጉ። ሠርቶ ማዋጣት፣ መፈለግ፣ «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ» መባል ከእንጀራ እኩል ያኖራል። «ቁጭ በዪ፣ ሁሉን እኔ አመጣለሁ» ማለት ፍቅር ይመስላል፤ አንዳንዴ ግን ሰውን ከሥራ ውጪ ማድረግ ነው።

ሦስተኛውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ችግር ሲመጣ «ያልለመደው ማነው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «የተጠለልኩበትን ማን እየጠበቀልኝ ነው? እኔስ ለሱ ምን አባረርኩለት?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት ዓሣው እናንተ ትሆናላችሁ።

እኔ ለራሴ ጠይቄዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ጓደኛዬ ቤት ስተኛ አንድ ቀን እንኳ «አንተስ እንዴት ነህ?» ብዬው አላውቅም። ዕዳዬን ቀስ በቀስ እየከፈልኩ ነው፤ በርበሬም በመግዛት ቢሆን።

ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልኝ። የሳምንት ሰው ይበለን!